በመከራ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ስለ ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ከሥራ መልስ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። እኔ ሰባኪም መምህርም አይደለሁም፤ ቡናው እስኪፈላ መጽሐፉን ገልጬ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ከመካከላችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለ። ሥራ ያጣ፣ ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ዕዳ የሚያሳድደው ሰው መጥቶ አብሮን ተቀምጧል። ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎችና የምሰጣቸውን መልስ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ።

መከራ ላይ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከመጽሐፈ ሩት። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በአንድ ማታ ታልቃለች።

ታሪኩ የሚጀምረው በረሀብ ነው፤ ያውም በቤተ ልሔም። ቤተ ልሔም «የእንጀራ ቤት» ማለት መሆኑን ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ የእንጀራው ቤት እንጀራ አጣ። ኑኃሚን ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች። እዚያ ሦስቱንም ቀብራ፣ አሥር ዓመት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ያገሯ ሴቶች «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ሲሉ፣ «ኑኃሚን አትበሉኝ፤ ማራ በሉኝ» አለቻቸው። ማራ መራራ ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ይህም ትርጓሜ አያሻውም።

ማንም አልገሠጻትም። «እንዲህ አይባልም» ያላት የለም። ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ፦ «በሙላት ወጣሁ፣ ባዶዬን ተመለስሁ» ስትል ሩት አጠገቧ ቆማለች። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ ከጎኑ ያለውን አያሳየውም። አልፈርድባትም። ሩትም ትታት አልሄደችም፤ ቃርሚያ ልትለቅም ወደ እርሻ ወጣች።

«ዮሴፍን አስብ» ሲሉኝ ለምን ይብስ ይከፋኛል?

ታሪኩን ከመጨረሻው ስለሚነግሯችሁ ነው። «ዮሴፍ ታስሮ ነበር፤ በኋላ ግን የግብፅ ገዥ ሆነ፤ አይዞህ!» በአንድ ትንፋሽ። የእናንተ መከራ ግን በአንድ ትንፋሽ አያልቅም፤ የቤት ኪራዩ በየወሩ ይመጣል።

ዮሴፍ 17 ዓመት ሲሆነው ወንድሞቹ በሀያ ብር ሸጡት። ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። ከዚያ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ዘፍጥረት 40 የሚዘጋበት አንድ ቁጥር ነው። ዮሴፍ ለጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ሕልሙን ፈታለት፤ «በጎ ነገር ሲደረግልህ አስበኝ» ብሎም ለመነው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ወጣ። አላሰበውም፤ ረሳው። የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለሆነው ነገር አንድ ቃል የለም። «እደውልልሃለሁ» ያለውን ዘመድ ስልክ ሲጠብቅ የከረመ፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሙን ፈልጎ ያጣ ሰው ያችን ዝምታ ያውቃታል።

ስለዚህ አንድ ልማድ ይዘናል። የዮሴፍን ታሪክ ስናነብ 40ኛውን ምዕራፍ ጨርሰን መጽሐፉን እንዘጋለን። 41ን የምናነበው በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ሰው ያጉረመርማል። አንድ ጊዜ ግን ልጇ የታሰረባት እናት በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ፣ «እግዚአብሔር በእነዚያ ሁለት ዓመታትም አብሮት ነበር ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። አዎ ብዬ አምናለሁ። «እግዚአብሔር ግን ከዮሴፍ ጋር ነበረ» የሚለው ቃል የተጻፈው ምዕራፍ 39 ላይ፣ ወህኒ ሲገባ ነው፤ ሲወጣ አይደለም።

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል በየታክሲው መስታወት ላይ ተለጥፏል። ሰፈሬ ከፈረሰ ወዲህ ግን ልቤ አይቀበለውም።

ቃሉ ኤርምያስ 29፥11 ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በሉ፤ ሰባ ዓመት ይላል። ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ተነቅለው ባቢሎን ለገቡ ሰዎች የላከው ደብዳቤ ነው፤ ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ መመለሻውን በሕይወት እንደማያዩት ግልጽ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ምዕራፍ ላይ ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ ሁሉም በሁለት ዓመት ይመለሳል ብሎ አውጆ ነበር። ኤርምያስ ግን አልደለላቸውም፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የገባችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ አላቸው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሡ ከእኛም መካከል ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ። የጎደለባቸው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አልነበረም። እድሩ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ ቡና ስታፈላ ልጅ ልካ የምታስጠራው ጎረቤት አብረው ሄዱ። ለእነሱ መጀመሪያ ያነበብንላቸው ደብዳቤውን አልነበረም፤ መዝሙር 137ን ነው፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ያለቀሱትን ሰዎች መዝሙር። ወደ ኤርምያስ የተመለስነው ከወራት በኋላ ነው።

ቤዛ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ምን ማለት ነው?

በብሉይ ኪዳን ቤዛነት የዘመድ ግዴታ ነበር። ወንድምህ ደህይቶ ርስቱን ከሸጠ የቅርብ ዘመዱ ገንዘቡን ከፍሎ ይቤዠዋል (ዘሌዋውያን 25)። ቦዔዝ ለኑኃሚንና ለሩት ያደረገላቸው ይህንን ነው። ከእሱ ይልቅ የሚቀርባቸው ሌላ ዘመድ ነበር፤ እርሻውን እገዛለሁ አለ። ሩትንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ግን «የራሴ ርስት ይበላሽብኛል» ብሎ ተወው። መጽሐፉም ስሙን ሳይጽፈው አልፏል።

እኔ ግን ነገሩን የተማርኩት ከእቁብ ነው። ከዓመታት በፊት ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ ስሠራ የወር እቁብ ገባሁ፤ ዕጣው ቶሎ ወጣልኝ። እንደ ደንቡ ዋስ አምጣ ተባልኩ። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ፈረሙልኝ። በገንዘቡ ዕቃ አስመጣሁ፤ ዕቃው አልተሸጠም፤ ሱቁ ተዘጋ። እቁቡን መጣል አቆምኩ። ዳኛው ሲደውል ስልኬን እዘጋ ነበር። ጊዮርጊስ አደባባይ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ በውስጥ ለውስጥ ዞሬ ነበር የምሄደው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሼ ከጡረታቸው ላይ እየቀነሱ የእኔን ይጥሉልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መጥተው በሬን አላንኳኩም። የሰማሁትም ከሌላ ሰው ነው።

ዘፍጥረት 43ን ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። ይሁዳ ስለ ብንያም ለአባቱ ሲናገር «እኔ ስለ እርሱ ዋስ እሆናለሁ» ይላል። በእቁቡ ደብተር ላይ፣ ከጋሼ ፊርማ አጠገብ የተጻፈው ቃል! ይህ ይሁዳ ማን ነው? ምዕራፍ 37 ላይ «ኑ፣ ዮሴፍን እንሽጠው» ያለው ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ 13ቱ ዓመት አልፏል፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈዋል፤ ከረሀቡም ሁለቱ አልፈዋል። 22 ዓመት። አሁን ጽዋው በብንያም ዓይበት ውስጥ ተገኘና ልጁ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ነው። ያ ወንድሙን የሸጠ ሰው ቀረበና በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር፣ ልጁ ከወንድሞቹ ጋር ይሂድ አለ (44፥33)። ዮሴፍ መታገሥ አቅቶት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው ይህን ሲሰማ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የዮሴፍ መክበር ታሪክ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ግን የይሁዳም መመለስ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመከራ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ይህኛው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ማቴዎስ ወንጌሉን ሲጀምር በክርስቶስ የዘር ሐረግ ውስጥ ይሁዳንም፣ ቦዔዝንም፣ ሩትንም በስማቸው ይጠራቸዋል። ስለ ቤዛነት ጥልቅ የሆነውን ትምህርት ሊቃውንቱ ያስተምሯችኋል። እኔ የሰው ልጅ ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ እንደመጣ ሳነብ (ማርቆስ 10፥45) የሚታየኝ በወር አንድ ቀን፣ በጠዋት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ እቁቡ ዳኛ ቤት የሚወርዱ ሽማግሌ ናቸው።

እግዚአብሔርን ማማረር ኃጢአት አይደለም? «ተመስገን በል» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ተመስገን ደግ ቃል ነው፤ ከልብ ሲወጣ። ኢዮብ ግን ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ይከራከራሉ፤ ኢዮብ ከእግዚአብሔር ጋር ይከራከራል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ (42፥7)። ከዳዊት መዝሙሮች ደግሞ 88ኛውን አንብቡ። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህኛው አይዞርም። ወዳጅም ዘመድም እንደራቀ ያበቃል። ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ ቢወጣ ኖሮ፣ አንዳንድ ሌሊት ለብዙ ሰው የሚጸልየው አይኖረውም ነበር።

መጸለይ አቃተኝ። ከአልጋ መነሣት ራሱ ከብዶኛል።

ኤልያስም ደርሶበታል። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም፤ ስለ እምነቱ ማነስም አልወቀሰውም። ቀስቅሶ «ብላ» አለው። ትኩስ የተጋገረ ነገርና ውኃ አጠገቡ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ መልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ለስለስ ያለው ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከአርባ ቀን ጉዞ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጸሎት ካቃታችሁ ምግብ ቅመሱ፣ ተኙ። ሳምንታት ካስቆጠረ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሲራክን ለማይቀበሉ ወንድሞችና እኅቶች ሐዋርያው ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ያለውን አስታውሳለሁ። «ነፍሴን ውሰድ» የሚለው ሐሳብ እናንተንም ከያዛችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ተዉትና አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሱ፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ማንንም አስቸገርኩ ብላችሁ አትፈሩ።

መከራውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ለእኔ የሚሆን ታሪክ አለ?

መጽሐፉ የተሞላው በእናንተ ዓይነት ሰው ነው። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ የጸለየውን መዝሙር (መዝሙር 51) አባቶቻችን «ተሣሃለኒ» እያሉ ሲደግሙት ኖረዋል።

የጴጥሮስ ግን ይለይብኛል። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ፍም አጠገብ ቆሞ እሳት እየሞቀ ነው። ዶሮ ጮኸ፤ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌላ ፍም አለ፤ ዓሣ ተቀምጦበታል፤ ክርስቶስ ራሱ ቁርስ እያዘጋጀ ነው (ዮሐንስ 21)። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። የከሰል ሽታ ምን ያህል ነገር እንደሚያስታውስ ቡና በሚፈላበት ቤት ላደገ ሰው አልነግረውም። ጴጥሮስ ያንን ሽታ ሲሸት ምን እንደተሰማው ዮሐንስ አልጻፈም። የማስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት አብልቶታል።

ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ሾላ ላይ የወጣውን የዘኬዎስን ታሪክ ያንብብ (ሉቃስ 19)። «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ክርስቶስ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እኔም የጋሼን ገንዘብ ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጨረሻውን ስሰጣቸው ሳይቆጥሩት ኪሳቸው ከተቱት።

«ዮሴፍ ይቅር ብሏል፤ አንተም ይቅር በል» ይሉኛል። አሁኑኑ?

ዮሴፍ ወንድሞቹን እንዳየ አልተገለጠላቸውም። ፈተናቸው፣ ዞር ብሎ አለቀሰ፣ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። በመካከሉ ወንድሞቹ ሁለት ጊዜ ከከነዓን ወደ ግብፅ ወርደዋል። ይቅርታ እንዲህ ጊዜ ይወስዳል። የደበደበ ሰው ቤት ተመልሶ መግባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ታሪኩ ያንን አያዝም።

ልቅሶ ቤት ስገባ የትኛውን ጥቅስ ልናገር?

ምንም። የኢዮብ ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ሥራቸው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው መቀመጣቸው ነው (2፥13)። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን የእድራችን ሰዎች ያውቁበታል፦ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይባላል፣ ይቀመጣል። ንፍሮው ይዞራል። ይበቃል።

የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ላንብብ? ሰማንያ አሐዱን ወይስ ስድሳ ስድስቱን?

ቤታችሁ ያለውን። ከላይ የጠቀስኳቸው ታሪኮች ከሲራክ በቀር በሁለቱም ውስጥ አሉ። እኔ በብዛት የማነበው የ1954ቱን ነው፤ ቃላቱ ከጆሮዬ ስለማይወጡ። ሰማንያ አሐዱ ያላችሁ መጽሐፈ ጦቢትን ጨምሩ፤ በተለያየ አገር ያሉ ሁለት ሰዎች ከመከራ ብዛት በአንድ ቀን ሞትን ሲለምኑ ጸሎታቸው በአንድነት የሚሰማበት ታሪክ ነው።

ሁለት ነገር እንዳያደናግራችሁ። በግእዙ ዳዊት የአብዛኛው መዝሙር ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ 51 ያልኩት «ተሣሃለኒ» እዚያ 50 ነው፣ 88ም 87 ነው። የኤልያስም ታሪክ በአንዳንዱ «አንደኛ ነገሥት»፣ ሳሙኤልን ከነገሥት በሚቆጥረው ደግሞ «ሦስተኛ ነገሥት» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ምዕራፉ ያው 19 ነው።

መሐል ከተማ ነው የምሠራው። በምሳ ሰዓት ተቀምጬ የማነብበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ?

የአራት ኪሎ ሰው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ወይም በአታ ለማርያም ግቢ ይገባል። በቅድስት ሥላሴ መስኮቶች ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በባለ ቀለም መስታወት ተሥለዋል፤ ማንበብ የደከመው ዓይን እነሱን ቢያይ ያርፋል። ለስታዲየምና ለመስቀል አደባባይ ሰዎች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቅርብ ነው።

እኔ የምሄደው አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ለአድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጣልያኖች እሳት ለቀውበት ነበር፤ ታድሶ ዛሬ ድረስ ይቀደስበታል። ዞሬ ከምሸሽበት አደባባይ ፊት ለፊት ያለው ይኸው ግቢ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ዘፍጥረት 44ን ይዤ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳልገልጸው ወጣሁ። በማግስቱ ገለጥኩት።

ጸልዬ፣ አንብቤ፣ አምኜ የእኔ ነገር መልካም ባይሆንስ?

ታኅሣሥ 19 ቀን በየገብርኤሉ ንግሥ የምንሰማው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ አለ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እቶኑ ፊት ቆመው ለንጉሡ የመለሱት በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለውም፦ «ነገር ግን፥ ንጉሥ ሆይ፥ እርሱ ባያድነን» ለምስሉ አንሰግድም። ይህን ሲሉ ከእሳቱ እንደሚወጡ አያውቁም ነበር። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ «ባያድነን» የሚለውን ቃል በችኮላ እናልፈዋለን።

ጋሼ ዕዳዬን ከጨረስኩ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ታመሙ፤ ጸለይንላቸው፤ ጠበል ወሰድናቸው፤ ሐኪም ቤትም ተኙ፤ አልተሻላቸውም። ቤታቸው ከመጡ በኋላ ማታ ማታ እየሄድኩ አነብላቸው ነበር። የታኅሣሥ ገብርኤል አንድ ሳምንት ሲቀረው ዳንኤልን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ወደ ምዕራፍ 3 ደረስኩ፤ «እርሱ ባያድነን» የሚለውን እንዳነበብኩ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው መጽሐፉ ላይ አኖሩ።

«እዚህ ላይ አቁመው፣ ልጄ» አሉኝ።

አቆምኩ። መብራቱን አላጠፋንም፤ እስኪነጋ ዝም ብለን ተቀመጥን።